የሳነቴ ረግረግ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ከሐዋሳ ወደ ባሌ የሚወጣው የጉብኝት መኪና ይበዛል። በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ አድርጎ ዲንሾ፣ ከዚያ ሮቤና ጎባ። ከጎባ ወደ ላይ ደግሞ ሳነቴ፣ የባሌ ተራሮች አናት ላይ ያለው ሰፊ ሜዳ። ሄዶ የተመለሰ ሁሉ ጥያቄ ይዞ ስለሚመለስ የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለዚያው ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። እንደተለመደው ስም አናወጣም፣ ሰፈር ብቻ።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ሳነቴ ወጥተን ነበር። ፎቶ ልነሳ ብዬ ወደ አንዲት ኩሬ ስጠጋ ሣሩ ከሥሬ ከዳኝና እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ልጆቹ ጎትተው እስኪያወጡኝ ሳቁብኝ፣ እስካሁንም አልተውኝም። ውሃ እኮ ቁልቁል ነው የሚፈሰው። ታዲያ ተራራ አናት ላይ ረግረግ ምን ይሠራል?» — ከአቶቴ

መልስ

አይዞህ፣ እዚያ ሜዳ ላይ እግሩ ያልገባ ፎቶ አንሺ ያለ አይመስለኝም።

«የተራራ አናት» ሲባል እኛ የሐዋሳ ሰዎች ቶሎ የሚመጣብን ታቦር ወይም አላሙራ ነው። ዝናቡን ተቀብሎ በየአቅጣጫው የሚያራግፍ። ሳነቴ ሌላ ነው። ሜዳ ነው። ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ፈስሶ የተነባበረ የእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው የቆምከው፣ ያውም ከ4,000 ሜትር በላይ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ በአገራችን ከራስ ዳሸን ቀጥሎ ሁለተኛው ነው ይባላል፣ ግን ከሜዳው ላይ ቀስ እያለ ከፍ ያለ ጉብታ ስለሆነ መኪና አናቱ ድረስ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የወረደ ዝናብ የት ይሄዳል? አይጣደፍም። ዝቅ ያለ ቦታ ካገኘ ይተኛል።

ዝቅ ያሉትን ቦታዎች ማን ሠራቸው ካልክ ደግሞ ብዙው ሥራ የበረዶ ግግር ነው። አዎ፣ ባሌ ላይ። የበርንና የማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የባሌ ተራሮች ላይ እስከ 350 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የበረዶ ግግር ነበር። እንዴት አወቁ? በረዶው ገፍቶ ያከማቸው የድንጋይ ክምር አለ። ከዚያ ክምር ቆርጠው ወስደው ድንጋዩ ፀሐይና ሰማይ ካየ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ለኩ። ድንጋይ ከበረዶ ሥር ወጥቶ ሰማይ ሲያይ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ውስጡ ምልክት እየተወ ይሄዳል፣ ምልክቱ በበዛ ቁጥር ዘመኑ ረጅም ነው። ያ በረዶ ሲንቀሳቀስ መሬቱን ፋቀው፣ ጎደጎደው፣ ሲቀልጥ ደግሞ ጉድጓዱን ውሃ ሞልቶት ሄደ። ከሜዳው ዳር 3,950 ሜትር ላይ ያለው ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ እንዲህ ነው የተፈጠረው።

ሌላም ጉድ አለ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ትልልቅ ድንጋዮች ረድፍ ይዘው፣ ሰው የደረደራቸው መስለው የሚታዩበት ቁልቁለት አለ። ረድፉ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝም፣ እስከ 15 ሜትር የሚሰፋ አለው። የደረደራቸው ሰው የለም። በበረዶው ዘመን መሬቱ እየረጋና እየቀለጠ፣ እየረጋና እየቀለጠ ድንጋዩን ከአፈሩ ለየው። የምድር ወገብ ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ሦስተኛው ነገር የዛሬው ብርድ ነው። ቀን ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች፣ ሌሊት ደግሞ በበጋ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ ተመዝግቧል። በዚህ ብርድ ውሃ ቶሎ አይተንም፣ የሞተ ሣርና ሥርም ቶሎ አይበሰብስም። ከዓመት ዓመት እየተደራረበ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ውሃ የጠጣ አፈር ይሆናል። ያን አፈር ጋቢ አጥበህ ሳትጨምቅ ገመድ ላይ እንደ ማስጣት አድርገህ አስበው። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ይንጠባጠባል።

አንተን የጣለህም ሰዓቱ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁጭ ብለህ ያን መሬት ብታየው፣ አፈሩ ጣት በሚያክሉ ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች ተሸክሞ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል፣ ሥሩ ግን ይይዝሃል። 4 ሰዓት አካባቢ ፀሐይዋ ስትበረታ መርፌዎቹ ይቀልጡና አፈሩ ዝርግፍ ይላል። ከኩሬው ዳር ያለው አረንጓዴ ሣር ደግሞ የቆመ ይምሰል እንጂ ግማሹ ከሥሩ ውሃ ነው። ይህ በየሌሊቱ መነሳት፣ በየቀኑ መውደቅ ለአንድ ፍሬ ተክል ሞት ነው፣ ሥሩን ነቅሎ ያወጣዋል። ለዚህ ነው ባዶ አፈር የምታየው፣ የተረፈውም ወይ መሬት ላይ ተጣብቆ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ቁጥቋጦ ነው ወይ ደግሞ ጅብራ። ጅብራ ማታ ማታ ቅጠሎቿን ወደ መሃል ሰብስባ ለጋዋን ከብርድ ትከልላለች። ዓመታት ጠብቃ አንድ ጊዜ ብቻ ታብባለች፣ ከዚያ ትሞታለች። ደርቃ የቆመችውን አይተህ ሰው ያቃጠላት መስሎህ ከሆነ እድሜዋ አልቆ ነው።

ያ ውሃ መጨረሻው የት ነው ብትል፦ ወይብ፣ ወልመልና ዱማል የሚባሉት ወንዞች ከባሌ ነው የሚነሱት፣ ለገናሌና ለዋቢ ሸበሌም ይገብራል። ወይብ ሶፍ ዑመር ላይ 15 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ውስጥ አልፎ ነው የሚቀጥለው። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ወደ 12 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ከባሌ በሚወርድ ውሃ እንደሚኖር ይነገራል። ያ ረግረግ በደረቁ ወራት የሚለቃት ጠብታ ነው ታች ቆላ ላይ ግመል የሚያጠጣው።

እኛም ጋ ምሳሌው አለ። ሐይቃችን የሚገባለት ዋና ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፣ ጥቁር ውሃ ደግሞ ድሮ ጨለለቃ የሚባለውን ውሃማ ቦታ አልፎ ነበር የሚመጣው። ጨለለቃ ደለሉን እያስቀረ ውሃውን ያጣራ ነበር። ዛሬ ሄደህ ብታይ ከብት ሲግጥበት ነው የምታገኘው። ደለሉም አሁን ቀጥ ብሎ ሐይቅ ይገባል።

ጥያቄ

«ለአዘጋጁ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። የባሌ ከፍታ ለሰው የማይመች፣ ከቅርብ ዘመን እረኞች በቀር ማንም ያልኖረበት ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። የልጅ ልጄ ከስልኩ ላይ ተቃራኒውን አነበበልኝ። እውነት ከሆነስ፣ ዛሬ እዚያ የሚኖሩትን ውጡ ማለት እንዴት ይታያል?» — ከመናኸሪያ ሰፈር

መልስ

የኔታ፣ የልጅ ልጅዎ ልክ ነው። ምናልባትም ያነበበልዎት ከእውነቱ ጥቂቱን ነው።

በወይብ ሸለቆ፣ 3,470 ሜትር ገደማ ላይ ፊንጫ ሃበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። እዚያ የቆፈሩ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡ። ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ተመላልሰው ኖረውበታል። በዓለም ላይ ይህን በሚያክል ከፍታ ሰው ለመኖሩ ከተገኙት ማስረጃዎች ሁሉ ቀዳሚው ተብሎ ነበር የተዘገበው።

አሁን ዘመኑን ከላይኛው መልስ ጋር ያስተያዩት። በረዶው ሜዳውን ሸፍኖት በነበረበት ዘመን ማለት ነው! እና ምን ይበሉ ነበር? ፍልፈል። ተራ ፍልፈል ሳይሆን ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው፣ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ግዙፉ ፍልፈል። የተጠበሰ አጥንቱ በብዛት ተገኝቷል። መሣሪያቸው ባልጩት ነበር፣ ባልጩቱንም ያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ፣ ከበረዶው ጫፍ አጠገብ ነው። እዚያ ድረስ በምን ጫማ ወጡ ብዬ ሳስብ እኔ በጃኬት ውስጥ ሆኜ ይበርደኛል። ለምን ወጡ ለሚለው ተመራማሪዎቹ የሚሉት፣ በዚያ ዘመን ታችኛው አገር ደረቅ ነበር፣ ላይ ግን ከበረዶው የሚቀልጥ ውሃና የማያልቅ ፍልፈል ነበረ።

ስለ እሳትም ልጨምርልዎት፣ ምክንያቱም «እረኞች ናቸው አስታውን (የደጋውን ቁጥቋጦ) ያቃጠሉት፣ አገሩን ያራቆቱት» የሚል ክስ ሁሌ እሰማለሁ። ጋርባ ጉራቻ ውስጥ በየዘመኑ የተኛውን ደለል በረጅም ቱቦ አውጥተው መረመሩት። አበባ የሚረጨው ብናኝ ውስጡ አለ፣ የከሰል ብናኝም አለ። ለ14,000 ዓመት ያህል ቃጠሎ ሲመላለስ እንደኖረ ያሳያል። አስታ ተቃጥሎ ከግንዱ ሥር መልሶ ያቆጠቁጣል። ይህ ማለት ዛሬ ማቃጠል ምንም አይደለም ማለት አይደለም። ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለና ያቆጠቆጠውን ከብት ከጨረሰው ማገገሚያ አያገኝም። ግን እሳት ትናንት የመጣ እንግዳ ነው የሚለው ወሬ አይያዝም።

የዛሬዎቹን ነዋሪዎች በተመለከተ ደግሞ አባቶቻቸው ጎዳንቱ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ክረምት ላይ ታች ያለው ማሳ እህል ሲይዝ ከብቱን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከብቱ ሜዳውን ይግጣል፣ ሆራ ይጠጣል (ማዕድን ያለው ምንጭ ነው፣ ከብት ያለሱ አይወፍርም ይላሉ)፣ እህሉ ሲታጨድ ተመልሰው ይወርዳሉ። ረግረጉ በየዓመቱ እረፍት ያገኝ ነበር ማለት ነው። በኋላ ታች የነበረውን የግጦሽ ሜዳ የመንግሥትና የሜካናይዝድ የስንዴ እርሻ ያዘው። ሰውም በዛ። መውረጃ ያጣው ላይ ቤት ሠርቶ ቀረ።

ታሪክ መምህር ስለሆኑ ይህኛውን ክፍል ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፦ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 በዋቆ ጉቱ መሪነት በመሬትና በግብር በደል የተነሳው የባሌ አመፅ። ያ አመፅ ባበቃበት ጊዜ ነው ሳነቴን የያዘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም የተቋቋመው። እንግሊዛዊው ሌስሊ ብራውን በዚያው አሥርት ዓመት ውስጥ መጥቶ ደጋ አጋዘኑን ሲያጠና ይጠበቅ ብሎ ነበር። የድሮው 10 ሳንቲም ላይ ያለው እንስሳ እሱ ነው። ለአካባቢው ሰው ግን መሬቴን ተከልክዬ አጋዘን ተከበረበት የሚል ቅሬታ ገባው፣ በ1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ የፓርኩ ጥበቃ ጣቢያዎች ፈረሱ፣ አጋዘኑም ብዙ ተገደለ። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ብሎኛል፣ ከእኛው ጎረቤት ከጌዴኦ ጋር በአንድ ጉባኤ ነበር። ግን መዝገቡ ብቻውን ቅሬታውን አያወርደውም።

ውጡ ማለት ተገቢ ነው ወይ ላሉት፣ እኔ የማስበውን ልናገር። ሰው ያልነበረበት ተፈጥሮ ብሎ ተነስቶ ማስወጣት በሐሰት ላይ የቆመ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከብት ረግረጉን ይርገጠው፣ ድንች ይተከልበት ማለት ደግሞ ጎዳንቱን እራሱን መካድ ነው፣ አባቶች ይወርዱ ነበርና። የሚያዋጣው መንገድ መውረጃውን መመለስ ይመስለኛል፦ ታች ግጦሽ፣ ታች ትምህርት ቤት፣ ታች ክሊኒክ። ይህ ግን ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ሁለቱም ደግሞ በቢሮ በኩል ቶሎ አይገኙም።

ጥያቄ

«ሰላም ጋሼ! የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ላሞች መሃል ገብቶ ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁ። ላሞቹ ዞር ብለውም አላዩትም፣ እረኛውም ዝም። እንዴት ነው ነገሩ? ጓደኞቼ ለማዳ ነው ይላሉ።» — ከታቦር

መልስ

ለማዳ አይደለም፣ ብልጥ ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፣ ከአሥር ዘጠኝ እጅ በላዩ። አይጦቹ ሜዳው ላይ ብቻውን ሲመጣ ያዩትና ጉድጓድ ይገባሉ፣ ላም ሲያልፍ ግን አይሸሹም። ስለዚህ ከላሞቹ ጋር ይራመዳል። ላሞቹም ጥጃ እንደማይነካ ስለሚያውቁ ግድ የላቸውም። ሊወልድ የደረሰ ባዝራ ወይም ላም ሲከተልም ያዩታል፣ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ነው።

ፍልፈሉን ሲያድን ካየሽ ደግሞ ትደነቂያለሽ። ፍልፈሉ ዓይኖቹ ወደ አናቱ ስለተጠጉ ከጉድጓዱ ትንሽ ብቅ ብሎ ብቻ ዙሪያውን ያያል፣ አፉ የደረሰበትን ሣር ይነጭና ጎትቶ ይገባል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አትጠፋም፣ እሱ ከሚያወጣው አፈር ትል ትለቅማለች፣ አደጋ ስታይ ትጮሃለች። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ አንድ እግር አንስቶ፣ ቆሞ፣ እንደገና አንድ እግር... አንዳንዴ ይሄ ሁሉ ሆኖ ወፏ ትጮህና ጨዋታው ያልቃል።

ሌላ ደስ የሚልሽ ነገር፦ ሥጋ በሉ ቀበሮ የአበባ ማር ይልሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ነው። ያችን ከታች ቢጫ፣ ከላይ ቀይ የሆነች ረጅም አበባ ታውቂያታለሽ አይደል? ቀበሮዎቹ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ እየዞሩ ይልሳሉ፣ አፍንጫቸው በብናኝ ቢጫ ይሆናል፣ ምናልባትም እንደ ንብ አበባ እያዳቀሉ ነው። የእረኛ ልጆችም ያንኑ አበባ ይልሱታል። ከማን ማን እንደተማረ እንጃ።

የማያስደስት ክፍልም አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። የሚጨርሳቸው ጥይት ሳይሆን ውሻ ነው፣ ማለቴ ከእረኛ ውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ። እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እየተመላለሰ ፈጃቸው። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ስለሚኖሩና ሲገናኙ ስለሚላላሱ አንዱ ከያዘው መንጋው አለቀ። አሁን ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ሌሊት ሌሊት እየተጣለላቸው ነው፣ ውሾቹም ይከተባሉ። ሰፈርሽ ውስጥ ውሻ ያለው ጎረቤት ካለ ይከተብ ብለሽ ጨቅጭቂው፣ ይሄ ለቀበሮ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ

«ወንድሜ፣ ሁለት ልጆች ይዤ በጥር ልሄድ ነው። ብርዱ እንዴት ነው? በአንድ ቀን ደርሰን እንመለሳለን?» — ከፒያሳ

መልስ

እህቴ፣ በአንድ ቀን አትሞክሪው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ላይ ነን። ልጅ ይዞ በአንድ ትንፋሽ ከ4,000 በላይ መውጣት ራስ ምታትና ትውኪያ መጋበዝ ነው። ዲንሾ ወይም ጎባ እደሩ፣ በማግስቱ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ልጅ ራሴን አለኝ ብሎ ካንቀላፋብሽ ፎቶውን ተይውና ቁልቁል ውረጂ፣ ሌላ መድኃኒት አያስፈልገውም አብዛኛውን ጊዜ።

ጥር ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ክፉ ነው። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ካልሲ። ቀን ላይ ደግሞ የፀሐይ ቅባት፣ ብርድ ነው ብለሽ እንዳትተዪው። አንዳንዶቹ ኩሬዎች በዚህ ወር ይደርቃሉ፣ ካልደረቁት ዳር ግን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ አይጠፋም፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፣ ለልጆቹ አሳዪያቸው።

ጊዜ ካላችሁ መንገዱን ይዛችሁ ወደ ዶሎ መና በኩል ውረዱ። ሜዳው በድንገት ይቆረጥና ጉም የለበሰ አስታ፣ ከዚያ የሐረና ጫካ ይቀበላችኋል። እዚያ ቡና ማንም ሳይተክለው ከዛፍ ሥር ይበቅላል፣ መንገድ ዳርም ማርና ቡና ይሸጣሉ።

ውሃ ከጎባ ገዝታችሁ ያዙ። የላይኛው ኩሬ ጥርት ብሎ ቢታይም ከብቱም ፈረሱም የሚጠጣው ከእሱ ነው፣ ሳይፈላ አይጠጣም።